ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፦ መካኒክነት ሊማሩ ሄደው ድምፃቸውን ያኖሩልን ሰው



በሞያሌ ገበያ አንድ ጊዜ ዞር ያለ ሰው በቦረንኛ፣ በአማርኛ፣ በስዋሂሊና በሶማሊኛ የሚዘፈን ዘፈን ይሰማል። ዘፈኑ ከሱቅ ድምፅ ማጉያ፣ ከባጃጅ ወይም ከእረኛ ስልክ ይመጣል። ሁላችንም በፍላሽና በሜሞሪ ካርድ እየተቀባበልን እናዳምጣለን። ፋይሉ ሲከፈት ማንም ልብ አይለውም፤ አልከፍት ሲል ግን ቤቱ ይታወካል። ልጅ ኮምፒውተሩን በመዳፉ ይመታል፣ አባት የሚያስጠግንበት ሱቅ ያስባል፣ እናት የሠርጓ ቪዲዮ ለዘለዓለም የጠፋ መስሏት ትደነግጣለች።

በዘንድሮው የዓመት መጽሐፋችን ስለዚህ ጉዳይ መጻፍ ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ይህን ተጫኑ፣ ያንን ክፈቱ የሚል መመሪያ ብቻ ብደረድር ዓመት ሳይሞላው ያረጃል። ስለዚህ የአንድ ሰው ሕይወት ልተርክላችሁ ወደድሁ። ሰውየው ኮምፒውተር ሳያዩ የሞቱ ናቸው። ሆኖም ስለ ማሽን ብልሽትና ስለ ተቀረጸ ድምፅ ዕድሜ ከእሳቸው ታሪክ የምንማረው ብዙ ነው። ልጆቻችን የሚማሩት በኬንያ ሥርዓት ስለሆነ ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ልጅነትና ቤተ መንግሥት

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የተወለዱት በ1870ዎቹ አጋማሽ፣ በሸዋ፣ በምንጃር ነው። ምንጃር በጤፉ የታወቀ አገር ነው። ተሰማ ግን በእርሻ ላይ አልቆዩም፤ በልጅነታቸው ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ገብተው እዚያው አደጉ። በዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት ለአንድ ብላቴና ትልቅ ትምህርት ቤት ነበር። ማንበብና መጻፍ፣ ፈረስ መጋለብ፣ በሰው ፊት መናገር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው የሚናገረውን ማዳመጥ የሚለመደው እዚያ ነው።

ተሰማ ጆሮ ነበራቸው። መሰንቆ መምታት ያውቁ ነበር፤ ግጥም ደግሞ ከአፋቸው እንደ ውኃ ይፈስስ ነበር ይባላል። በሰምና ወርቅ ቅኔያቸው ዛሬም ድረስ በአማርኛ ግጥም ወዳጆች ዘንድ ይጠቀሳሉ። ሰሙ ለሁሉ ይሰማል፤ ወርቁን የሚያገኘው ግን ቃሉን ከፍቶ የሚመረምር ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎች አንድ ነገር እንድታስተውሉ እፈልጋለሁ። በዚያ ዘመን መሰንቆ ይዞ መዝፈን የአዝማሪ ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ አዝማሪም ቢወደድ እንጂ በማዕረግ አይከበርም ነበር። በቤተ መንግሥት ያደገ የሹም ወገን መሰንቆ አንሥቶ ሲዘፍን ብዙዎች ቅር ይሰኙ ነበር። ተሰማ ግን ሁለቱንም ይዘው ኖሩ።

ያ ቤተ መንግሥት የአዳዲስ ማሽኖች መግቢያ በርም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከውጭ የመጣ ዕቃ ሁሉ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይወዱ ነበር። ስልክና ቴሌግራፍ ወደ አገሪቱ የገቡት በእሳቸው ዘመን ነው። የድምፅ መቅረጫም ቀደም ብሎ ደርሷል። በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የወዳጅነት መልእክታቸውን በፎኖግራፍ ቀርጸው ላኩ። ፎኖግራፍ ድምፅን በሰም ቱቦ ላይ የሚቀርጽ መሣሪያ ነው። ንግሥቲቱ መልእክቱ ከተሰማ በኋላ ቱቦው እንዲሰበር አስቀድመው አዝዘው ስለነበር ትእዛዙ ተፈጸመ። በ1899 አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በተራቸው ድምፃቸውን ቀርጸው መልሱን ላኩ። ይህኛው ቱቦ አልተሰበረም፤ ድምፁም እስከ ዛሬ አለ። ከዚያ የደብዳቤ ልውውጥ ለእኛ የደረሰው ግማሹ ብቻ ነው። ሁለቱም መልእክቶች በአንድ ዓይነት መሣሪያ የተቀረጹ ነበሩ፤ ልዩነቱን ያመጣው የሰው ውሳኔ ነው።

መኪናና የጀርመን ጉዞ

በ1907 መጨረሻና በ1908 መጀመሪያ ላይ የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ ደረሱ። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ አንዱን መኪና በበረሃና በዳገት እየነዳ፣ ሲያቅተውም እያስጎተተ አምጥቶ ለምኒልክ አቀረበ። ጀርመኖችም ሌላ መኪና አመጡ። የቤተ መንግሥቱ ደስታ ታላቅ ነበር። ነገር ግን ወዲያው አንድ ጥያቄ ተነሣ፤ ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲመለስ መኪናውን ማን ይነዳዋል? ከቆመስ ማን ያስነሣዋል?

የዚያ ዘመን መኪና እንደ ዛሬው በቁልፍ አይነሣም ነበር። ከፊት ለፊቱ በተሰካ የብረት እጀታ በጉልበት ይዘወራል። ሲነሣ እጀታው ወደ ኋላ ከተመለሰ ክንድ ይሰብራል። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱቅ በአገሩ የለም። ጎማ ሲፈነዳ፣ ካንዴላ ሲቆሽሽ፣ ነዳጅ መተላለፊያው ሲደፈን መላ የሚያበጅ ሰው ካልተገኘ፣ ውዱ መኪና ከጋሪ አይሻልም።

ለዚህ ከተመረጡት ሰዎች አንዱ ተሰማ እሸቴ ነበሩ። በ1908 መኪና መንዳትና መጠገን እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተላኩ። ዕድሜያቸው ሠላሳ አልፎ ነበር። ያኔ ከጂቡቲ የሚነሣው ባቡር የሚደርሰው እስከ ድሬዳዋ ብቻ ስለነበረ ከአዲስ አበባ የሚነሣ መንገደኛ እስከዚያ ድረስ የሚሄደው በበቅሎ ነው። ከድሬዳዋ በባቡር ወደ ጂቡቲ፣ ከጂቡቲ በመርከብ በቀይ ባሕርና በስዌዝ ቦይ በኩል ወደ አውሮፓ ይኬዳል። አገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለቆ ለሚወጣ ሰው ቋንቋው፣ ብርዱና ምግቡ ሁሉ አዲስ ነው። በሠላሳ ዓመት ተማሪ መሆን አሳፋሪ የሚመስላቸው ወላጆች ቢኖሩ ይህን ልብ ይበሉልኝ። የቤተ መንግሥት ሰው፣ ስመ ጥር ገጣሚ፣ ጭስና ቅባት ባለበት የመኪና ማደሻ ቤት ለመማር ተቀምጠዋል።

የመካኒክ ትምህርት ዋናው ነገር መፍታትና መግጠም አይደለም። ዋናው አሳሳቡ ነው። ሞተር አልነሣ ሲል መካኒክ አይገምትም፤ ይለያል። ነዳጅ ይደርሳል ወይ? እሳቱ ይረጫል ወይ? አየር ይገባል ወይ? አንዱን አጣርቶ ጤነኛ መሆኑን ሲያረጋግጥ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ የነካካ ሰው ሞተሩ ቢነሣ እንኳ ምን እንዳስነሣው አያውቅም፤ ነገ ሲቆም ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል።

ድምፅ በሸክላ ላይ

በዚያን ጊዜ ጀርመን የድምፅ ቅጂ ኢንዱስትሪ ከበለጸገባቸው አገሮች አንዷ ነበረች። ጠፍጣፋውን ሸክላና ማጫወቻውን ግራሞፎንን የፈለሰፈው ኤሚል በርሊነር በሐኖቨር ከተማ የተወለደ ሰው ነው። ወደ አሜሪካ ሄዶ በ1887 ፈጠራውን አስመዘገበ፤ በ1898 ደግሞ በትውልድ ከተማው የሸክላ ማተሚያ ፋብሪካ ተቋቋመ። የበርሊነር ብልሃት ይህ ነበር። የቀድሞው የሰም ቱቦ ለማባዛት አስቸጋሪ ነበር፤ ጠፍጣፋው ሸክላ ግን እንደ መጽሐፍ ከአንድ ቅርጽ በብዛት ይታተማል።

ኩባንያዎቹ ገበያ ፍለጋ የየአገሩን ድምፅ ይቀርጹ ነበር። በርሊን ከተማ አንድ ኢትዮጵያዊ መሰንቆ መምታትና መዝፈን እንደሚችል ሲታወቅ ዕድሉ ተከፈተ። ተሰማ እሸቴ ከአሥር በላይ ሸክላዎችን ቀረጹ። ለሕዝብ እንዲሸጥ የተቀረጸ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተብሎ የሚታወቀውም ይኸው ነው። መኪና ለመማር የተላከው ሰው ማንም ያላዘዘውን ሌላ ሥራ ሠርቶ ተመለሰ።

ቀረጻው እንዴት እንደነበር መገመት ለዛሬ ልጅ ያስቸግራል። የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ለቀረጻ መዋል የጀመረው በ1925 ነው። ከዚያ በፊት ዘፋኙ ወደ አንድ ትልቅ መለከት መሰል ቀንድ አፉን አቅርቦ ይዘፍናል። የድምፁ ኃይል ብቻ በቀንዱ ጫፍ ያለችውን ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣል፤ ሽፋኗ መርፌውን ታወዛውዛለች፤ መርፌው በሚሽከረከረው ሰም ላይ ጠመዝማዛ መስመር ይጭራል። አንዱ የሸክላ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። በአንድ ግብዣ ሌሊቱን ሙሉ የሚዘፈነው ግጥም በሦስት ደቂቃ ማለቅ አለበት። ቃል ቢሰናከል ቆርጦ መቀጠል የለም፤ ከመጀመሪያው መጀመር ነው።

ሸክላው የሚሠራው ከሼላክ ነበር። ሼላክ በእስያ ዛፎች ላይ የምትኖር ትንሽ ነፍሳት የምታመነጨው ሙጫ ነው። ይህ ቁስ ጠንካራ ቢሆንም ከእጅ ካመለጠ እንደ ሸክላ ድስት ይሰበራል። ስለዚህ አማርኛችን ያወጣለት ስም ተስማሚ ነው።

ሹመትና ውድቀት

ተሰማ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ቤተ መንግሥቱ ተለውጦ ቆያቸው። አፄ ምኒልክ በሕመም ደክመው ነበር፤ በታኅሣሥ 1913ም ዐረፉ። ሥልጣኑ ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ ልጅ ኢያሱ አለፈ። ልጅ ኢያሱ ወጣትና ደፋር ነበሩ፤ ተሰማን በጣም ይወዷቸው ነበር። ተሰማም የቅርብ ባለሟላቸው ሆኑ፤ የፖስታ ሥራ ሚኒስትር ለመሆንም በቁ።

ይህ ሹመት ከቀድሞ ሥራቸው የራቀ አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ተሰማ ወደ ጀርመን በሄዱበት በዚያው በ1908 ነበር። ደብዳቤና የስልክ መልእክት ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሳይበላሽ እንዲደርስ ማድረግ የአዲሱ መንግሥት ትልቅ ጉዳይ ነበር። ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ ደግሞ በነጋዴዎችና በኬላ ቀረጥ ላይ የተሾመ አለቃ የሚሰጠው ነው። በእኛ በሞያሌ የኬላ ነገር ምን ያህል የሰውን ኑሮ እንደሚነካ ማብራራት አያሻኝም።

የፖለቲካ ነፋስ ግን ዞረ። በመስከረም 1916 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፤ በጥቅምት ወር ደግሞ በሰገሌ ጦርነት የአባታቸው የንጉሥ ሚካኤል ጦር ተሸነፈ። የልጅ ኢያሱ ወዳጆች ሁሉ ወዳጅነታቸውን በኪሳራ ከፈሉ። ተሰማም ሹመታቸውንና ሀብታቸውን አጡ፤ ከዋና ከተማውም ርቀው ኖሩ። ትናንት በአዳራሽ መሐል የተከበበ ሰው ዛሬ ብቻውን ሲቀር ማየት የቤተ መንግሥት ታሪክ የተለመደ ክፍል ነው። ተሰማ በዚያ ዘመንም ግጥማቸውን አልተዉም፤ ቁጭትንና ስደትን በሰምና ወርቅ ለበጡት። ቤትና መሬት ይወረሳል፤ በሰው ጆሮ የገባ ግጥም ግን መውረሻ የለውም።

ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ የተወለደው በ1921 በጅማ ነው። ይህን ስም የእግር ኳስ ወዳጆች ሁሉ ታውቁታላችሁ። አቶ ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስና ለብሔራዊ ቡድኑ ተጫውተዋል፤ በ1962 ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ በአዲስ አበባ ስታነሣ የቡድኑ አሠልጣኝ ነበሩ፤ ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስከ ዐረፉበት ጊዜ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። በዚያ ሁሉ ሥራ መካከል የአባታቸውን ሕይወትና ግጥም ሰበሰቡ። ሥራው ሰምና ወርቅ በሚል ርእስ አዲስ አበባ የታተመው እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። አባቱን የማይረሳ ልጅ ካለ አባት ሁለት ጊዜ ይኖራል።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1964 ዐረፉ። ሰማንያ ሰባት ዓመት ያህል ኖረዋል። በበቅሎ ዘመን ተወልደው በጄት አውሮፕላን ዘመን ሞቱ።

ሸክላው እንደገና ሲናገር

ከተሰማ በኋላ የድምፅ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ተለዋወጠ። በ78 ዙር የሚሽከረከረው የሼላክ ሸክላ ቀርቶ በ33 እና በ45 ዙር የሚሽከረከረው የፕላስቲክ ሸክላ መጣ። በ1969 አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን አቋቁመው የአዲስ አበባን ወጣት ዘፋኞች በሸክላ አወጡ። ከዚያ ካሴት መጣ፤ በ1982 ደግሞ ሲዲ ለገበያ ቀረበ። እያንዳንዱ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ የቀድሞው ማጫወቻ ወደ ቆጥ ይወጣል፤ ከማጫወቻው ጋር ድምፁም ይዘጋል። የተሰማ ሸክላዎች በየቤቱና በሰብሳቢዎች ዘንድ ተበታትነው ቆዩ። ሸክላው በእጁ ያለ ሰው እንኳ ማጫወቻ ከሌለው የያዘው ድምፅ ሳይሆን ጥቁር ሳህን ነው።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ በሚባለው የሲዲ ተከታታይ ሥራው 27ኛውን ቅጽ ለተሰማ እሸቴ ሰጠ። የቅጽ ርእሱ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅጂ መቶኛ ዓመትን የሚያከብር ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ በርሊን ውስጥ የተጫረው መስመር በኮምፒውተር ፋይል ሆኖ ተነበበ።

እንዲህ ያለ አሮጌ ሸክላ እንዴት ወደ ፋይል እንደሚለወጥ ማወቅ የማሽን ብልሽት ለመፈለግ ጥሩ ትምህርት ነው። መጀመሪያ ሸክላው በጥንቃቄ ይጸዳል። ቀጥሎ ትክክለኛው መርፌ ይመረጣል። የ78 ዙር ሸክላ መስመር ከኋለኛው የፕላስቲክ ሸክላ መስመር ይሰፋል፤ ስለዚህ ቀጭኑ መርፌ ከመስመሩ ሥር ወርዶ ቆሻሻውን ብቻ ያነብባል። ሦስተኛ ፍጥነቱ ይጣራል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁሉም ሸክላ በትክክል በ78 ዙር አልተቀረጸም፤ አንዳንዱ ዝግ፣ አንዳንዱ ፈጠን ያለ ነው። ፍጥነቱ ከተሳተ ጎልማሳው ሰው እንደ ሕፃን ይዘፍናል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ድምፁ ወደ ቁጥር ይለወጣል። በሲዲ ደረጃ አንዱ ሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው እነዚያን ቁጥሮች ነው።

የሚገርመው፣ ዛሬ በስልካችን የምንሰማው ኤምፒ3 የሚባለው ቅርጸትም በአብዛኛው የዳበረው በዚያው በጀርመን፣ በኤርላንገን ከተማ በሚገኝ የፍራውንሆፈር የምርምር ተቋም ነው። ስሙንም ያገኘው በ1995 ነው። ኤምፒ3 የሰው ጆሮ እምብዛም የማይለየውን እየጣለ ፋይሉን ያሳንሳል። በሲዲ ደረጃ የተቀመጠ አንድ ደቂቃ ድምፅ አሥር ሜጋባይት ያህል ሲሆን፣ በተለመደው ኤምፒ3 ወደ አንድ ሜጋባይት ይወርዳል። ሙሉ የዘፈን ስብስብ በትንሽ ሜሞሪ ካርድ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

በቤታችን ኮምፒውተር ፊት

እስቲ አሁን የመካኒኩን አሳሳብ ወደ ቤታችን እናምጣው። ፋይል አልጫወት ሲል ብልሽቱ ያለው ከአራት ቦታ በአንዱ ነው፤ በፋይሉ፣ በማጫወቻው ፕሮግራም፣ በተቀመጠበት ዕቃ ወይም በኮምፒውተሩ። ቦታውን ለመለየት ብዙ እውቀት አይጠይቅም። መጀመሪያ ሌላ ፋይል ክፈቱ። እሱ ከተጫወተ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው። ቀጥሎ ያንኑ እምቢተኛ ፋይል በሌላ ፕሮግራም ሞክሩት። ከዚያ በሌላ ኮምፒውተር ወይም ስልክ። በሁሉም ቦታ እምቢ ካለ ችግሩ ፋይሉ ጋ ወይም የተቀመጠበት ዕቃ ጋ ነው። አንድ በአንድ እንጂ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትነካኩ።

ድምፅ ጨርሶ ከጠፋ ከቀላሉ ጀምሩ። ድምፁ ተዘግቶ እንደሆነ፣ የድምፅ ማጉያው ገመድ ተነቅሎ እንደሆነ፣ የጆሮ ማዳመጫ ተሰክቶ ቀርቶ እንደሆነ፣ ኮምፒውተሩ ድምፁን ወደ ሌላ መሣሪያ እየላከ እንደሆነ እዩ። ብዙ ጊዜ ገንዘብ የሚከፈልበት ጥገና ከዚህ አያልፍም።

ቪዲዮው ድምፅ ኖሮት ሥዕል ከሌለው ወይም ሥዕል ኖሮት ድምፅ ከሌለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ አልተበላሸም። የጎደለው ኮዴክ የሚባለው የመፍቻ ፕሮግራም ነው። ወፍራም መስመር ላይ ቀጭን መርፌ እንደ ማስቀመጥ ያለ ነው። ቪኤልሲ የሚባለው ነፃ ማጫወቻ አብዛኞቹን መፍቻዎች በውስጡ ይዞ ይመጣል፤ የጀመሩትም ፓሪስ ይማሩ የነበሩ ተማሪዎች ናቸው። አንዳንድ ልጆች በፋይሉ ስም መጨረሻ ከነጥብ በኋላ ያሉትን ፊደላት ይለውጡና ቅርጸቱ የተለወጠ ይመስላቸዋል። ይህ የጨው ጆንያ ላይ ስኳር ብሎ መጻፍ ነው፤ ውስጡ ያው ጨው ነው።

ፍላሹ ሲከፈት ፋይሎቹ ሁሉ ወደ አቋራጭ ምልክት ተለውጠው ካገኛችሁ፣ ይህ በፍላሽ ከቤት ወደ ቤት የሚዞር የታወቀ ቫይረስ ነው። ምልክቶቹን አትክፈቱ። ፋይሎቹ ብዙውን ጊዜ ተደብቀዋል እንጂ አልጠፉም። በታደሰ ጸረ ቫይረስ አጣሩት፤ ከዚያ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ። ኮምፒውተሩ ፍላሹን ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ከጠየቀና ውስጡ የምትወዱት ነገር ካለ እሺ አትበሉ። ፎርማት ማለት ቤቱን ባዶ ማድረግ ነው። ነቅላችሁ በሌላ ኮምፒውተር ሞክሩት፤ ካልሆነ ለሚያውቅ ሰው ስጡት። ፍላሽ ስትነቅሉም ኮምፒውተሩን አስፈቅዳችሁ ንቀሉ። መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ሰዓት ትልቅ ፋይል መገልበጥም ፋይሉን ግማሽ ያስቀረዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ደንብ ግን ይህ ነው፤ በዋናው ላይ አትለማመዱ። መጀመሪያ ቅጂ አውጡ፣ የምትሞክሩትን በቅጂው ላይ ሞክሩ። ሁለት ቅጂ ይኑራችሁ፤ ሁለቱም በአንድ ቤት፣ በአንድ ቦርሳ አይቀመጡ። የንግሥት ቪክቶሪያ ድምፅ አንድ ቱቦ ላይ ብቻ ስለነበረ ያ ቱቦ ሲሰበር አለቀ። የተሰማ ድምፅ በብዙ ሸክላ ስለታተመ አንዱ ቢሰበር ሌላው ተረፈ።

በቤታችን ያሉ ድምፆች

በከተማችን የብዙ ቤተሰብ ሳጥን ውስጥ አሮጌ ካሴቶች አሉ። የአያቶች ምርቃት፣ የሠርግ ዘፈን፣ ከሩቅ አገር በካሴት የተላከ ሰላምታ ይገኝባቸዋል። በቦረና፣ በገብራ፣ በቡርጂና በአማራ ቤቶች ሽማግሌዎች የተረኩት ታሪክም አለ፤ የተራኪዎቹ ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ካሴት እንደ ሼላክ አይሰበርም፤ ነገር ግን ሙቀትና አቧራ ቀስ በቀስ ይበሉታል፣ ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ልጆቻችን የመቶ ዓመት ዘፈን በስልካቸው መስማት ችለው የገዛ አያታቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ሊያድጉ ይችላሉ።

መፍትሔው ከአቅማችን በላይ አይደለም። የሚሠራ የካሴት ማጫወቻ፣ ከጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳው ወደ ኮምፒውተሩ ድምፅ ማስገቢያ የሚሄድ አንድ ገመድ፣ እንደ አውዳሲቲ ያለ ነፃ የመቅረጫ ፕሮግራም ይበቃል። ካሴቱ እየተጫወተ ኮምፒውተሩ ይቀርጻል። የ60 ደቂቃ ካሴት ባልታመቀው ቅርጸት 600 ሜጋባይት ያህል ይሆናል፤ እሱን ዋና አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከእሱ ኤምፒ3 ቅጂ አውጥታችሁ ለዘመድ በስልክ ላኩ። በፋይሉ ስም ላይ የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን ጻፉ። ስም የሌለው ፋይል ከአሥር ዓመት በኋላ የማንም አይደለም።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ዛሬ የሚታወሱት በሹመታቸው አይደለም፤ ሹመቱ በሁለት ወር ነፋስ ሄዷል።  የቀረልን ግጥማቸውና ድምፃቸው ነው፤ እነሱም የቀሩት ልጅ ስለሰበሰበ፣ ባለሸክላ ስላላባከነ፣ ትክክለኛውን መርፌና ትክክለኛውን ፍጥነት በትዕግሥት የፈለገ ሰው ስለተገኘ ነው። ማሽኑ ብቻውን ማንንም አያስታውስም።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ በዚህ ዕረፍት አንድ ሥራ እሰጣችኋለሁ። ከአያታችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ ሽማግሌ አንድ አሮጌ ካሴት ጠይቁ፤ ካሴት ከሌለ በስልካችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ አሥር ደቂቃ ቅረጿቸው። ሁለት ቅጂ አድርጉ፣ ስሙን በትክክል ጻፉበት፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት አንዱን ይዛችሁ ኑ። አልከፍት ካላችሁም ይዛችሁ ኑ፤ ምን እንደሞከራችሁ በወረቀት ጻፉልኝና የኮምፒውተር መምህራችን ጋ ተቀምጠን ከቀላሉ እንጀምራለን።